ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ለሳሎን ሪሲቨርና ስፒከር ምን ላስመጣ?

ናቲ ሰሚት

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ። ወንድሜ ለገና ከቨርጂኒያ ይመጣል፣ ሻንጣዬ ላይ ቦታ አለ ምን ላምጣልህ ብሎኛል፣ እኔ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የምፈልገው ለሳሎን የሚሆን ደህና ድምፅ ነው። ያየሁት ሶኒ ኤስቲአር ዲኤች590 የሚባለውን ኤቪ ሪሲቨር ነው (የቲቪና የዘፈን ድምፅ ተቀብሎ ስፒከሮቹን የሚያሰራ አምፕ)፣ 5.2 ነው፣ ማለትም አምስት ስፒከርና ሁለት ሰብዉፈር ይይዛል፣ በየቻናሉ 145 ዋት ይላል። ከሱ ጋር አምስት ትናንሽ ስፒከር ከነሰብዉፈሩ (ባስ ብቻ ከሚያወጣው ትልቁ ስፒከር ጋር) በአንድ ካርቶን የሚሸጥ አለ እሱን ልጨምርበት ነው ያሰብኩት።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳሎኑ 4 በ4.5 ሜትር ቢሆን ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ቲቪው ሳምሰንግ 55 ኢንች ቡፌው ላይ ተቀምጧል። የምናየው ኢትዮሳት ላይ ያሉትን ቻናሎች ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ኳስ፣ አልፎ አልፎ ፊልም፣ ከሁሉም በላይ ግን ዘፈንና መዝሙር ነው ቀኑን ሙሉ የሚከፈተው ከስልክ ወይ ከዩቲዩብ። አሁን ያለን ሳውንድ ባር ድምፁ ቀጭን ነው፣ ባለቤቴም ድራማ ስታይ ንግግሩ አይሰማኝም ትላለች። ልግዛው ወይስ ሌላ ነገር ትመክሩኛላችሁ? የ220ውስ ነገር እንዴት ነው?

ባለመልቲሜትር

ናቲ ወንድሜ ስለ ብራንድ ከማውራታችን በፊት የመብራቱን ነገር እንጨርሰው፣ ምክንያቱም እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣ ከአሜሪካ የገባ አምፕ አብዛኛው የሚሞተው በዚህ ነው። አሜሪካ የሚሸጠው ዲኤች590 ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ተብሎ ተጽፎበታል፣ እንደ ስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 የሚቀበል አይደለም። የሶኬት አዳፕተር ብቻ አድርገህ እዚህ ብትሰካው ዕድለኛ ከሆንክ ፊውዙ ብቻ ይበጠሳል፣ ካልሆነ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ የሱን ምትክ ደግሞ እዚህ ሀገር አታገኘውም።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ስቴፕዳውን ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው ይሰራልም። ግን እወቀው፣ ስቴፕዳውን ቮልቱን ነው የሚቀንሰው እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ለ60 የተሰራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሰራ በዛው ቮልት ብረቱ ላይ የሚያርፈው ማግኔት 20 በመቶ ይጨምራል፣ ስለዚህ የበለጠ ይሞቃል ትንሽም እምምም ይላል። ለዚህ ነው 120 ከሚያወጣ ይልቅ 110 የሚያወጣውን ውሰድ የምለው፣ ቮልቱ ዝቅ ሲል ጭነቱም ዝቅ ይላል። መጠኑን ደግሞ አምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የዋት ፍጆታ አይተህ ቢያንስ እጥፉን፣ መርካቶ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ዋት ሁሌ የእውነት አይደለምና ከበድ ያለውን በእጅህ አንስተህ እየው፣ መዳቡና ብረቱ ካለ ክብደቱ ይናገራል።

አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነገር ልጨምር። ስፒከር በራሱ መብራት ላይ አይሰካም፣ ፓሲቭ ስፒከር የትም ሀገር ይገዛ ቮልቴጅ የለውም። ሰብዉፈር ግን ውስጡ አምፕ አለው፣ ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሰብ ራሱ ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ እሱም 120 ነው የሚሆነው። ሁለት ስቴፕዳውን ልትፈልግ ነው ማለት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ባለመልቲሜትር ያለው ትክክል ነው። እኔም እዚህ ስኖር ለቤተሰብ የላክኩት ብዙ ነው፣ አሁን የምመክረው ለየት ያለ ነው። ከስፒከሩ ላይ አትቆጥብ እና አምፑን ራሱ ከ100 እስከ 240 የሚሰራ ፈልግ። ለምሳሌ ዊም አምፕ የሚባለው አለ፣ ትንሽ ሳጥን ናት፣ 60 ዋት በ8 ኦም በየጎኑ ትሰጣለች፣ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ (የቲቪውን ድምፅ ወደ አምፑ የሚያመጣ) አላት፣ ኦፕቲካል አላት፣ የሰብ መውጫ አላት፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አላት፣ ሶኬቱን ቀይሮ መሰካት ብቻ ነው። ከዛ በታች በጀት ከሆነ ፎሲና አዪማ የሚሰሯቸው ትንንሾቹ አሉ፣ የላፕቶፕ የመሰለ ፓወር አዳፕተር ይዘው የሚመጡት፣ አዳፕተሩ ላይ 100-240 የሚል ጽሁፍ ማየትህን ብቻ እርግጠኛ ሁን።

ለስፒከር ሶኒ ኤስኤስ ሲኤስ5 እዚህ ብዙ ጊዜ ቅናሽ ላይ ይገባል፣ ባለ ሦስት መንገድ ነው (ወፍራሙን፣ መሀለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያወጣ)፣ 87 ዲቢ ሴንሲቲቪቲ (በ1 ዋት የሚሰጠው የድምፅ ጉልበት) አለው፣ ጥንዱ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ነው፣ ልብስ ከቦ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ኢላክ ዴቢዩ ቢ6.2 የበለጠ ባስ አለው ግን ትልቅና ከባድ ነው፣ 23 ኪሎ ሻንጣ ላይ ወንድምህ የራሱም ዕቃ አለው።

ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ያገለገለም በጣም ጥሩ ጥሩ ይገኛል፣ ግን ወንድምህ ሲገዛ የዉፈሩን (ባሱን የሚያወጣውን ትልቁን ክብ) ዙሪያ ያለውን ለስላሳ ቀለበት በጣቱ ይጫነው። ፎም ከሆነ በዕድሜ ይበሰብሳል፣ ጎማ ከሆነ ይቆያል።

የድሮ ቴፕ

ናቲ ልጄ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ቤትህ ውስጥ ከሚሰማው ስንቱ 5.1 (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብ ተለያይቶ) ሆኖ ነው የሚመጣው? ኢትዮሳት ላይ ያሉት ቻናሎች የሚልኩት ስቴሪዮ ነው። ዘፈኑ ስቴሪዮ ነው፣ መዝሙሩ ስቴሪዮ ነው፣ ከካሴት ዘመን የተገለበጠው ደግሞ አንዳንዱ ሞኖ ነው። አምስት ስፒከር ብትደረድር ሦስቱ ወይ ዝም ይላሉ ወይ ሪሲቨሩ ከስቴሪዮው ቆርሶ የሚሰጣቸውን ይናገራሉ። እና በዛው ገንዘብ አምስት ስፒከር ስትገዛ ለያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ አምስተኛ ነው፣ በካርቶን የሚሸጡት ደግሞ ዉፈራቸው ሦስት ኢንች ገደማ የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ናቸው።

እኔ ሁልጊዜ ስፒከር ስመርጥ የምሰማበት ሦስት ነገር አለ። አንደኛ መሰንቆ፣ የደጋኑ ጭራ የመሰንቆውን ጭራ ሲፍቅ ያለው ሻካራነት ካልተሰማ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ) ሸፍኖታል። ሁለተኛ የሰው ድምፅ ያለ ብዙ መሳሪያ፣ እንጉርጉሮ ቢሆን ይመረጣል፣ ሰውየው ከሁለቱ ስፒከር መሀል ቆሞ መታየት አለበት። ሦስተኛ ከበሮ፣ ቆዳው ሲመታ ድም ብሎ ማቆም አለበት፣ ድምምምም እያለ ሌላውን ምት የሚሸፍን ከሆነ ወይ ሳጥኑ ነው ወይ ክፍሉ ነው። በትናንሽ ሳጥን ሦስቱም አይገኙም። ሁለት ደህና ስፒከር ግዛ፣ ቀሪው ይደርሳል።

ሲኒማ ቤቴ

ጋሼ አክብሬዎት ነው የምናገረው ግን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ባለቤቱ ንግግር አይሰማኝም ብላለች እኮ! የፊልም ንግግር በብዛት የሚመጣው በመሀለኛው ቻናል ነው፣ ሴንተር ስፒከር ያለው ሰው እሱን ብቻ ለይቶ ሁለት ሦስት ዲቢ ከፍ ማድረግ ይችላል፣ ስቴሪዮ ላይ ይሄ የለም። በዛ ላይ የኛ ሳሎን ሶፋው ግድግዳውን ዞሮ ነው የሚቀመጠው፣ እንግዳ ሲመጣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ቅርቡ ያለውን ስፒከር ብቻ ነው የሚሆነው፣ ሴንተር ካለ ግን ድምፁ ከቲቪው ይመጣለታል።

እኔ የምለው ኤቪ ሪሲቨር ይግዛ፣ መጀመሪያ በሁለት ደህና ስፒከር ይጀምር፣ በዓመቱ ሴንተር ይጨምር፣ ከዛ የኋላዎቹን። ያማሃ አርኤክስ ቪ385 ለዚህ ጥሩ ነው፣ ማይክ ይዞ ይመጣል ዋይፓኦ የሚሉት፣ ርቀቱንና የድምፁን መጠን ራሱ ይለካል። የኳስ ስርጭትም ቢሆን በ5.1 ሲመጣ የስታዲየሙ ጩኸት ከጎንህ ሲሆን ሌላ ነገር ነው፣ የሰማው ያውቀዋል።

የድሮ ቴፕ

ሲኒማ ቤቴ፣ በሁለት ጀምሮ ማሳደግ ያልከው ላይ እስማማለሁ፣ የምቃወመው የካርቶኑን አምስት ነው። ሴንተር ቢገዛ ግን ከፊቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ብራንድና ሲሪዝ ይሁን፣ አለዚያ ተዋናዩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ መንገድ ላይ ይቀየራል።

ናቲ ሰሚት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በእውነት፣ ብዙ ነገር ነው ያሳያችሁኝ። አንድ ያልገባኝ ዋቱ ነው። ሶኒው 145 ይላል፣ ዊሟ 60 ትላለች፣ ያ ማለት በግማሽ በታች አይደለም እንዴ? መርካቶ ደግሞ 10,000 ዋት የሚል ቴፕ አይቻለሁ።

ባለመልቲሜትር

የዋቱ ነገር ሰውን በጣም የሚያሳስት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

10,000 ያልከው ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፣ ለቅጽበት እንኳን የማይወጣ ቁጥር፣ እርሳው። ከሶኬት 200 ዋት የሚስብ ዕቃ 10,000 ሊያወጣ አይችልም። አንተ የምትፈልገው አርኤምኤስ የሚለውን ወይም ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ነው። እሱም ቢሆን ሁኔታውን ማንበብ አለብህ፣ የሶኒው 145 የተለካው አንድ ቻናል ብቻ እየሰራ፣ በ6 ኦም፣ በአንድ ቃና በ1 ኪሎኸርዝ፣ 0.9 በመቶ መዛባት እያለ ነው። ያው ሶኒ ራሱ ሁለት ቻናል አብሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ በ0.09 በመቶ መዛባት ሲለካ 90 ነው የሚለው። አምስቱም አብረው ሲሰሩ ደግሞ ከዛ ይወርዳል፣ ፓወር ሰፕላዩ አንድ ነው። አሜሪካኖቹ በዚህ ማጋነን ተማርረው ነው በ1974 የአምፕ ዋት እንዴት እንደሚገለጽ ሕግ ያወጡት።

አሁን ዋናው። ዋት እጥፍ ስታደርገው የምታገኘው 3 ዲቢ ብቻ ነው፣ ጆሮ ይሄንን ትንሽ ጨመረ ብሎ ነው የሚሰማው። ድምፁ እጥፍ ሆነ ለማለት 10 ዲቢ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ አስር እጥፍ ዋት ነው። 87 ዲቢ የሚለው ስፒከር በ1 ዋት አንድ ሜትር ላይ 87 ይሰጣል፣ በ2 ዋት 90፣ በ4 ዋት 93፣ በ8 ዋት 96፣ በ16 ዋት 99። 99 ዲቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት በር የሚያንኳኳበት ድምፅ ነው። ስለዚህ ለ4 በ4.5 ክፍል 60 እውነተኛ ዋት ይተርፍሃል። ከዋት ይልቅ የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ እይ፣ 90 ዲቢ የሚል ስፒከር ከ87ቱ ጋር በግማሽ ዋት እኩል ይጮሃል።

ኦሙን ደግሞ አትርሳ። አምፑ ከ4 እስከ 8 ይቀበላል ካለ 6 ኦም ስፒከር ችግር የለውም። ግን አንድ መውጫ ላይ ሁለት 8 ኦም ስፒከር በፓራለል ብታስር 4 ይሆናል፣ ሁለት 6 ኦም ደግሞ 3፣ ያኔ አምፑ ይግላል ወይ ፕሮቴክት ይገባል፣ ራሱን ለማዳን ይጠፋል ማለት ነው።

የሻርጃዋ

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ ሻርጃ ነኝ። ኤቪ ሪሲቨር ከሆነ ሀሳብህ ከአሜሪካ ሳይሆን ከዚህ ቢመጣ ይሻልሃል፣ እዚህ የሚሸጠው ከ220 እስከ 240፣ 50 ኸርዝ ነው፣ ያለምንም ስቴፕዳውን ይሰራል። አንዳንዱ የያማሃ ሞዴል ከጀርባው ቮልቴጅ መምረጫም አለው፣ ከመሰካትህ በፊት 220 ወይ 230 ላይ መሆኑን ማየት ነው። ሶኬቱ ብቻ የእንግሊዙ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ እሱን ሀገር ቤት አዳፕተር በየሱቁ አለ። ሰብዉፈሩንም ከዚህ ማስመጣት ነው የሚያዋጣው፣ ከባድ ነው በአየር ሻንጣ ለሚመጣ ሰው ይከብዳል ግን በካርጎ የሚልኩ አሉ።

አደራ ካርቶኑን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ዱባይ ዴይራ አካባቢ የጄቢኤል ስም የለጠፈ ፌክ ብዙ ነው። ሲሪያል ቁጥሩ ካርቶኑ ላይና ዕቃው ላይ አንድ መሆን አለበት።

ናቲ ሰሚት

እሺ ወሰንኩ። ዘፈኑ ስለሚበዛ በስቴሪዮ እጀምራለሁ። ወንድሜ ዊሟንና ሲኤስ5ቱን ያመጣል፣ ሰብ ደግሞ የባለቤቴ እህት ዱባይ ስላለች በሷ በኩል ባለ 8 ኢንች አገኛለሁ። አሁን እስኪመጣ ድረስ ክፍሉን ላዘጋጅ፣ ገመዱን ከዚሁ ልግዛ። ስፒከሮቹን ቡፌው ውስጥ ግራና ቀኝ ያሉት ክፍት ቦታዎች ላይ ለማስገባት ነው ያሰብኩት፣ ልክ ይገባሉ።

ባለኮንክሪት

ናቲ ቡፌ ውስጥ አታስገባው! አደራህን። ሲኤስ5 የአየር ቀዳዳው ከኋላ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ሳጥን ስታስገባው ባሱ ቡፌውን ራሱን ያስጮኸዋል፣ ሰው ሲያወራ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ባለቤትህ ንግግር አይሰማኝም ያለችውን ያባብሰዋል። ስታንድ አሰራ። እንጨት ቤት ሄደህ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ትዊተሩ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ከጆሮህ ጋር እኩል እንዲሆን፣ ብዙ ሰው ሲቀመጥ ጆሮው ከወለሉ ከ90 እስከ 100 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ብረት ቤትም ይሰሩታል፣ ቱቦውን ደረቅ አሸዋ ብትሞላው አይንጫጫም።

አቀማመጡ ሦስት ማዕዘን ይሁን፣ በሁለቱ ስፒከር መሀል ያለው ርቀትና ከያንዳንዱ እስከ ጭንቅላትህ ያለው እኩል፣ በዲግሪ ከመሀል 30 ግራ 30 ቀኝ ማለት ነው። አንተ ቤት ሁለት ሜትር ከምናምን ይሆናል። ከኋላ ግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር አርቀው፣ ጥግ ላይ አትወሽቀው፣ ግራው ከጎን ግድግዳ ያለው ርቀትና የቀኙ በተቻለ መጠን ይመሳሰል።

አሁን ክፍሉ። ኮንዶሚኒየም ማለት የብሎኬት ግድግዳ የተለሰነ፣ ከላይና ከታች ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ድምፅ የሚበላ ምንም ነገር የለውም። መሀል ላይ ቆመህ አንዴ አጨብጭብ፣ ጭብጨባው ተከትሎት ዝርርር የሚል ነገር ካለ ትዊተሩ የሚያወጣው ሁሉ እንደዛ ነው የሚሆነው፣ ንግግር የሚጠፋውም ግማሹ በዚህ ነው። መድሀኒቱ ውድ አይደለም፣ ከስፒከሮቹና ከሶፋው መሀል ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ከስስ መጋረጃው በተጨማሪ ከባድ መጋረጃ እጥፋቱ የበዛ፣ ከሶፋው ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ መጽሀፍ መደርደሪያ ወይ ወፍራም ጨርቅ። ጎን ግድግዳው ላይ ሰው መስታወት ይዞ ያንሸራትት አንተ ሶፋ ላይ ሆነህ ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የሚታይህ ቦታ ላይ ነው ድምፁ የሚነጥረው፣ እዛ አንድ ነገር ስቀልበት።

ባስ ግን በምንጣፍ አይበላም። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ነው፣ 343ን ለ8፣ ለ4 ሜትሩ እጥፍ፣ ስታካፍለው 43 ኸርዝ ገደማ ይመጣል፣ ያ የ4 ሜትሩ ጎን የሚያጎላው ድምፅ ነው። የ4.5ቱ ደግሞ 38። ሁለቱ ተጠጋግተዋል፣ ክፍልህ ካሬ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፣ ስለዚህ እዛ አካባቢ ያለው ባስ አንዳንድ ቦታ ያብጣል አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ሰቡ ሲመጣ ሶፋው ላይ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ አድርገው፣ ባስ ያለው ዘፈን ክፈት፣ ከዛ ራስህ ክፍሉን ጎንበስ ብለህ ወለል ለወለል ዙር። ባሱ ጥርት ብሎ እኩል የተሰማህ ቦታ የሰቡ ቦታ ነው። የሳሎን ውበት ይበላሻል ብላ ባለቤትህ የማትወደው ቦታ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጥ።

ባለመልቲሜትር

ገመዱን በተመለከተ ስፒከር ኬብል ተብሎ በሚያምር ቀለም የሚሸጠውን አትከተል፣ ብዙው ከውስጥ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ ነው። በቢላ ፋቅ አድርገው፣ ከስሩ ነጭ ከወጣ ተወው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥበት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ፍሌክሲብል የመዳብ ሽቦ ቀይና ጥቁር ግዛ፣ ለሶኬት መስመር የሚገባው ውፍረት ማለት ነው ግን ፍሌክሲብሉን፣ ደረቁን አይደለም። ለ5 ለ6 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ግራና ቀኙን እኩል ቁረጥ ይላሉ፣ አንድ ሜትር ቢበላለጥ ግን በጆሮ የሚሰማ ልዩነት የለውም።

ዋናው ቀዩ ከቀይ ጥቁሩ ከጥቁር መሆኑ ነው። አንዱን ብቻ ብታገላብጠው አንዱ ዉፈር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ባሱ ይጠፋል ዘፋኙም ከመሀል ተነስቶ በክፍሉ ይበተናል፣ ሰው ደግሞ ስፒከሩ አይረባም ብሎ ይሸጠዋል። ያገለገለ ስፒከር ከሆነ ወይ ምልክቱ የጠፋ ከሆነ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ወስደህ ለቅጽበት ብቻ ንካው፣ ዉፈሩ ወደ ውጭ ከወጣ ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጋር የነካው ቀዩ ነው። የሽቦው ፀጉር አንድ እንኳን ወጥቶ ጎረቤቱን እንዳይነካ፣ አምፕ የሚገድለው እሱ ነው።

አምፑ ላይ ዳንቴል አታልብሱት። ያምራል አውቃለሁ ግን ሙቀቱ የሚወጣው በላይ በኩል ነው፣ ከላዩ ቢያንስ አስር ሳንቲሜትር ባዶ ይሁን። አቧራውንም በብሩሽ። ስታቢላይዘር ስትገዛ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚሰጥ ዓይነቱን ውሰድ፣ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው መብራቱ ሲመለስ በሚመጣው ነው።

ከነታንያ

ናቲ የቲቪውን ሴቲንግ ማንም አልነገረህም እኔ ልጨምር። ኤችዲኤምአይ ገመዱን ቲቪው ላይ ኤአርሲ ወይም ኢኤአርሲ የሚል ጽሁፍ ባለበት ቀዳዳ ብቻ ነው የምትሰካው፣ ሌላው ላይ ቢገባ የቲቪው ድምፅ ወደ አምፑ አይመለስም። ሳምሰንግ ላይ ኢኒኔት ፕላስ የሚለውን ክፈት፣ እሱ ካልተከፈተ ኤአርሲ አይሰራም፣ ከተከፈተ ደግሞ የቲቪው ሪሞት የአምፑን ድምፅ ይጨምራል ይቀንሳል፣ ለቤተሰቡ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የድምፅ መውጫውን ፒሲኤም (ያልታመቀ ተራ ዲጂታል ድምፅ) አድርገው። አውቶ ወይ ቢትስትሪም ላይ ከተውከው አንዳንድ ፊልም 5.1 ሆኖ ይወጣና በስቴሪዮ አምፕ ላይ ድምፅ ላይኖር ይችላል፣ ፒሲኤም ላይ ስታደርገው ግን ቲቪው ራሱ የሴንተሩን ንግግር ለግራና ለቀኝ አካፍሎ ይሰጥሃል። ማታ ልጆች ሲተኙ ቲቪው ላይ የንግግር ማጉያ ወይም የማታ ሞድ ካለ ክፈተው፣ ጩኸቱን ዝቅ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል።

ናቲ ሰሚት

ጓዶች ዕቃው ገብቶ ተገጠመ! ስታንዱን አናጢ ሰራልኝ፣ ምንጣፍ አነጠፍን፣ መጋረጃውን ባለቤቴ መረጠች። ጋሼ የመሰንቆውን ፍቀት ሰማሁት፣ እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሰዓሊ ለነ ሲባል ዝም ብላ አዳመጠችና ማህሌቱ ላይ የቆምኩ መሰለኝ አለች። ንግግሩም አሁን ያለ ችግር ይሰማል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሰቡን ካገናኘሁት ወዲህ ዘፈን በሌለበትም እምምምም የሚል ነገር አለ፣ ድምፁን ብጨምርም ብቀንስም ያው ነው። ሰቡ ተበላሽቶ የመጣ ይሆን?

ባለመልቲሜትር

እንኳን ደስ ያለህ! አይ አልተበላሸም አይመስለኝም። ሰቡ ከዱባይ የመጣ ባለ ሦስት እግር ነው አይደል? ሦስተኛዋ እግር አርዝ ናት። አሁን የዲሹን ኬብል ከዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ንቀለውና እስኪ ስማ። እምታው ከጠፋ ግራውንድ ሉፕ ነው፣ የዲሹ ሰሀን ጣሪያ ላይ ከሕንፃው ብረት ጋር ተነካክቶ አርዝ ሆኗል፣ ሰቡ ደግሞ በሶኬት በኩል ሌላ አርዝ አለው፣ ሁለቱ በዲሽ ኬብል፣ በኤችዲኤምአይና በሰብ ገመድ ተያይዘው ክብ ሰርተዋል፣ በዛ ክብ ውስጥ የሚዞረውን 50 ኸርዝ ነው ሰቡ የሚያሰማህ።

አደራ ሰው የሰቡን አርዝ እግር ቁረጠው ወይ በቴፕ ጠቅልለው ቢልህ አትስማ። ውስጡ ሽቦ ቢነካካ ሳጥኑን የሚነካ ልጅ ነው የሚመታው።

ናቲ ሰሚት

ነቀልኩት፣ ወዲያው ጠፋ። መልሼ ስሰካው ተመለሰ። ግን ያለ ዲሽ መኖር አይቻልም፣ ምን ይሻላል?

ባለመልቲሜትር

ቀላል ነው። ከቲቪው ወደ ዊሟ ያለውን ኤችዲኤምአይ ነቅለህ በኦፕቲካል ተካው። ኦፕቲካል ብርሀን ነው የሚያሳልፈው ብረት የለውም፣ ስለዚህ ክቡ እዛ ላይ ይቋረጣል። አንተ የምትጠቀመው ስቴሪዮ ፒሲኤም ስለሆነ ከድምፅ ጥራት የምታጣው ነገር የለም። የምታጣው የቲቪ ሪሞቱ የአምፑን ድምፅ መቆጣጠሩን ነው፣ እሱንም የዊሟን ሪሞት ወይ የስልክ አፑን ትጠቀማለህ። ሪሞቱን ካልተውክ ደግሞ ዲሽ ኬብሉ ላይ የሚገባ ግራውንድ የሚለይ አይሶሌተር አለ፣ ግን ለኤልኤንቢው (ሰሀኑ ላይ ላለው መቀበያ) መብራት የሚያሳልፍ ዓይነቱ ካልሆነ ቻናሉ ይጠፋል፣ እሱን እዚህ ማግኘት ይከብዳል።

ከታች ፎቅ

ይቅርታ በመሀል ገባሁ፣ እኔም ኮንዶሚኒየም ነኝ ያንኑ ዓይነት ሰብ ገዝቼ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ቅር ብሏቸዋል። ክሮስኦቨሩን (ከስንት ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሰቡ እንደሚሄድ የሚወስነውን) ስንት ላይ ላድርገው? ሰቡ ጀርባ ላይም አለ አፑ ላይም አለ።

ባለኮንክሪት

ሁለቱንም 80 ላይ እንዳታደርገው፣ ሁለቴ ይቆረጥና መሀል ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል። የሰቡን ጀርባ ማዞሪያ እስከ መጨረሻ ክፈተው፣ ኤልኤፍኢ የሚል መግቢያ (የሰቡን የራሱን መቁረጫ የሚዘልለው) ካለው በሱ ሰካ፣ ከዛ አፑ ላይ ብቻ 80 አድርግ። ለጎረቤት ደግሞ ሰቡን ከወለሉ ለየው፣ ወፍራም ጠንካራ ስፖንጅ ላይ አንድ ሳንቃ አድርገህ ሰቡን ከላይ፣ ኮንክሪቱን በቀጥታ የሚነካው ንዝረት ይቀንሳል። በአየር የሚሄደውን ባስ ግን አያስቆመውምና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አፑ ላይ የሰቡን መጠን 6 ዲቢ ቀንሰው፣ ጥግ ላይ ከሆነም ከጥጉ አንድ ሜትር አውጣው።